መሬት በክፉ ቀኗ ስትለካ

ከባድ ዝናብ ካባራ በኋላ የታረሰ ማሳ ውስጥ ገብቼ ቁጢጥ ማለት እወዳለሁ። ቆሞ ለሚያይ የሚታየው ጭቃ ብቻ ነው። ዝቅ ላለ ግን ሌላ ነገር አለ። ትንንሽ ጠጠሮች እያንዳንዳቸው በቀጭን የአፈር ምሰሶ ላይ ተቀምጠዋል። ምሰሶው አንዳንዴ ከጥፍር ውፍረት አያልፍም፣ አንዳንዴ ደግሞ የጣት አንጓ ያህላል። ጠጠሩ ከሥሩ ያለውን አፈር ከዝናቡ ከልሎታል። ዙሪያውን ግን የሚከልል ስላልነበረ ታጥቦ ሄዷል። የምሰሶው ቁመት መሬቱ ከዝናቡ በፊት የት ድረስ እንደነበረ ይናገራል።

አንድ ሚሊሜትር ቢሄድ ምን አለበት ሊባል ይችላል። እስቲ እናስላው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ከዚያ ላይ 1 ሚሊሜትር ሲነሳ 10 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል። በክብደት ከ12 እስከ 13 ቶን ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሄዶ እንኳ ማሳውን በዓይኑ ብቻ ያየ ሰው ልዩነቱን አያውቀውም።

ተፈጥሮ ደግሞ ያንን 1 ሚሊሜትር ለመመለስ አትቸኩልም። ከሥር ያለው ዐለት ፈርሶ አፈር እስኪሆን በአብዛኛው ቦታ ቢያንስ 10 ዓመት፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ከዚያ በጣም የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ዴቪድ ሞንትጎመሪ የተባለው አሜሪካዊ የጂኦሎጂ ምሁር በ2007 ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የተሰበሰቡ ልኬቶችን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ነበር። (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በተለመደው መንገድ የሚታረስ መሬት አፈሩን የሚያጣበት ፍጥነት አፈር ከሚፈጠርበት ፍጥነት ከ10 እስከ 100 እጥፍ ይበልጣል። የተፈጥሮ ዕፅዋት በሸፈኑት መሬት ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ።

የሁለቱ መቀራረብ ነው የጉዳዩ ልብ። የአፈር መታጠብ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ተራሮች ከጥንት ጀምሮ ሲታጠቡ ኖረዋል። ወንዞች ደለል ባይሸከሙ ኖሮ ለም ሜዳዎች ባልተፈጠሩ። ችግሩ የሚመጣው የሚሄደው ከሚተካው ሲበልጥ ነው። ሚዛኑን የሚጠብቀው ደግሞ አፈሩ ብቻውን አይደለም። ላዩ ላይ ያለው ሣርና ዛፍ፣ ሸለቆው ውስጥ ያለው ረግረግ፣ በማሳዎች መካከል የተረፈው ቁጥቋጦ፣ ከሥር የሚርመሰመሰው ሥርና ፈንገስ ሁሉ ድርሻ አላቸው። የመልክዓ ምድር ሥነ ምህዳራዊ መረጋጋት የሚባለው ይህ አብሮ የመሥራት ነገር ነው።

ግንኙነቱ ሲነገር ቀላል ይመስላል። አረንጓዴ ከበዛ አፈር ይተርፋል፣ አረንጓዴ ካነሰ አፈር ይሄዳል። በመሠረቱ እውነት ነው። ጊዜ ሲጨመርበት ግን ነገሩ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። መልክዓ ምድር ለብዙ ዓመታት የተረጋጋ መስሎ ሊቆይና በአንድ ሳምንት ሊፈርስ ይችላል። መረጋጋቱ ከተመለሰ በኋላም የድሮው ጥፋት ውጤት ለአሥርት ዓመታት ይከተላል።

ከጠብታው እንጀምር። 5 ሚሊሜትር ስፋት ያላት የዝናብ ጠብታ መሬት ስትደርስ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ትጓዛለች። ራቁቱን ያለ አፈር ላይ ስታርፍ ትፈነዳለች፤ ቅንጣቶቹንም ወደ ላይና ወደ ጎን ትበትናቸዋለች። ደቃቁ ቅንጣት ተመልሶ ሲወድቅ የአፈሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ላዩ ላይ ስስ ቅርፊት ይሠራል። ከዚያ በኋላ ውሃው እንደ ልቡ አይሰርግም። ያልሰረገ ውሃ ደግሞ ቁልቁል ይሄዳል፤ ሲሄድም ባዶ እጁን አይሄድም። ብዙዎቻችን ዓይናችን የሚያርፈው ጎርፉ ላይ ነው። ጎርፉ ግን የነገሩ መሐል ነው። መጀመሪያው ጠብታዋ መሬቱን ራቁቱን ማግኘቷ ነው።

ሣር ወይም የረገፈ ቅጠል ካለ ጠብታዋ ጉልበቷን እዚያው ትጨርሳለች። ይህን ዋልተር ዊሽማየርና ድዋይት ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በቁጥር አስቀምጠውታል። በ1965፣ ኋላም ተሻሽሎ በ1978 የወጣው ቀመራቸው በዓለም ዙሪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የዝናቡን ጉልበት፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የተዳፋቱን ርዝመትና ቁልቁለት፣ የመሬቱን ሽፋንና የጥበቃ ሥራውን እርስ በርስ ያባዛል። ከነዚህ ሁሉ የሽፋኑ ቁጥር ያስደንቀኛል። ራቁት ለሆነ እርሻ 1 ነው። መሬቱን ጥቅጥቅ ብሎ ለሸፈነ የግጦሽ ሣር 0.003 ነው። ወለሉ በቅጠል ለተሸፈነ ጥሩ ደን ደግሞ ከ0.001 በታች ይወርዳል። ዝናቡ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ቁልቁለቱ ያው ሆኖ ልዩነቱ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። ቁልቁለትን መቀየር ከባድ ነው፤ ዝናብን መቀየር አይቻልም። ሽፋን ግን በሰው እጅ ነው።

ከሽፋኑ ሥር ያለው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ማንም ሊሞክረው የሚችል ነገር ልንገራችሁ። ከታረሰ ማሳ አንድ ደረቅ ጓል አንሱ። ጥቂት ሜትር ርቆ ለዓመታት ካልታረሰ ሣር ሥር ሌላ ጓል አንሱ። ሁለቱንም ውሃ በሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። የታረሰው ጓል ወዲያው አረፋ ማውጣት ይጀምራል። ውሃው እየገባ በውስጡ ያለውን አየር ሲገፋው ጠርዙ ይፈርሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ብርጭቆው ሥር የተኛ ደለል ይሆናል። ከሣሩ ሥር የመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅርጹን እንደያዘ ይቀመጣል። ውሃውም ብዙ አይደፈርስም። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ከጸጉር የቀጠኑ ሥሮች ቅንጣቶቹን አስተሳስረዋቸዋል። በዓይን የማይታዩ የፈንገስ ክሮችና ረቂቅ ሕዋሳት የሚያወጡት ሙጫ መሰል ነገርም አለ። የአፈሩ ዘር አንድ ነው፤ ዝናባቸውም አንድ ነው። የተለያዩት በኑሯቸው ነው።

ይህን ሙከራ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይታወሰኛል። መረጋጋት የሚታይ ሽፋን ብቻ አይደለም። አንድን ማሳ በአንድ ወቅት አረንጓዴ ማድረግ ይቻላል። ያንን ጓል የያዘው ትስስር ግን በዓመታት የሚገነባ ነው። ማረሻ ሲገባ ደግሞ ለመፍረስ ጥቂት ወቅቶች ይበቁታል። አመጣጡና አካሄዱ እኩል አይደለም።

የሥነ ምህዳር ሰዎች መረጋጋት ሲሉ ሁለት ነገር ያስባሉ። አንዱ ጉዳትን መቋቋም ነው። ሌላው ከተጎዱ በኋላ ማገገም ነው። ካናዳዊው ክሮፎርድ ሆሊንግ በ1973 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ ሁለቱን መለየት እንደሚገባ አሳይቷል። ከዓመት ዓመት የማይለዋወጥ የሚመስል ሥርዓት አንድ ግፊት ሲመጣበት ላይመለስ ሊወድቅ ይችላል። ሲዋዥቅ የሚኖር ሥርዓት ደግሞ ብዙ መከራ አልፎ ይቆያል። ለአፈር ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። ዝም ያለ መሬት ሁሉ የጸና መሬት አይደለም።

መረጋጋትን በአንድ ቁጥር ለመግለጽ ከተሞከሩት ዘዴዎች ብዙ የሚጠቀሰው ኢጎር ሚኻል የተባለው የቼክ የሥነ ምህዳር ምሁር በ1980ዎቹ ያቀረበው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የተረጋጉ የሚባሉት ማለትም ደን፣ ሣር፣ ረግረግ፣ የውሃ አካል፣ የፍራፍሬና የወይን ቦታ ስፋታቸው ይደመራል። ከዚያ ለእርሻና ለግንባታ በዋለው መሬት ስፋት ይካፈላል። ውጤቱ ከ1 በላይ ከሆነ መልክዓ ምድሩ በመጠኑ ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ከ0.3 በታች ከወረደ የተፈጥሮ አሠራሩ በግልጽ ተናግቷል። ከ0.1 በታች ከሆነ ደግሞ ሰው ያለማቋረጥ ካልደገፈው የማይቆም መሬት ነው።

ቁጥሩን እወደዋለሁ። ካርታና ማስመሪያ ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። በተለያዩ ዘመናት የተሠሩ ካርታዎችን አስቀምጦ አንድ አካባቢ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለማየትም ይመቻል። ግን የማይነግረን ነገር አለ። ሣሩ የት ጋ እንዳለ አይነግረንም።

እንዲህ እናስብ። 100 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት አለ። በጎን የተሰመሩ ሦስት የሣር ድንበሮች በአራት ማሳ ከፍለውታል። እያንዳንዱ ድንበር 1 ሜትር ስፋት አለው። ሦስቱ ተደምረው ከመሬቱ 3 በመቶ ቢይዙ ነው። አሁን ድንበሮቹ ታርሰው አራቱ ማሳ አንድ ይሁን። የሚኻል ቁጥር እምብዛም አይነቃነቅም። ውሃው ግን ሳይቋረጥ የሚሮጥበት ርቀት አራት እጥፍ ሆነ። በነዊሽማየር ቀመር መሠረት ቁልቁለቱ ከ5 በመቶ በላይ በሆነ መሬት ላይ ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ከአንድ ሄክታር የሚጠፋው አፈር ሁለት እጥፍ ይሆናል። ያውም ድንበሩ ራሱ ሲያጣራ የነበረውን ደለል ሳንቆጥር ነው። ሦስት በመቶ ብቻ የሆነ ሣር የጥፋቱን ግማሽ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ቁጥሩ በተወለደባት በቼኮዝሎቫኪያ ከ1948 በኋላ እርሻዎች በጋራ ማኅበራት ሥር ሲጠቃለሉ የሆነው ይኸው ነው። ጠባብ ማሳዎች ተቀላቀሉ። ድንበሮች፣ የገጠር መንገዶችና የቁጥቋጦ አጥሮች ለትራክተር እንዲመች ተነሱ። ዛሬ የቼክ ማሳዎች በአውሮፓ ትልልቅ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው፤ የአፈር መታጠብም የአገሪቱ ከባድ ችግር ነው። አገሪቱ በ1992 ባወጣችው የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ቁጥር 114 ውስጥ የመልክዓ ምድር መረጋጋትን የሚጠብቅ የደን፣ የሣርና የረግረግ መረብ በዕቅድ እንዲዘረጋ ደንግጋለች። አንድ አገር ይህን ሐሳብ በሕግ ማስፈሯ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ቦታ ብቻ ሳይሆን ቀንም አለ። ሰፋ ባለ መስመር የሚዘራ በቆሎ ካደገ በኋላ ማሳውን ሸፍኖ ሊታይ ይችላል። ገና ሲበቅል ግን በመስመሮቹ መካከል ያለው መሬት ለሳምንታት ራቁቱን ነው። ኃይለኛው ዝናብ እነዚያ ሳምንታት ላይ ከወደቀ በኋላ የሚመጣው ሽፋን ምንም አልጠቀመም። በመካከለኛው አውሮፓ የሚሆነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ነጎድጓዳማው ዝናብ የሚጀምረው በቆሎው ገና ጨቅላ ሳለ ነው።

እዚህ ላይ ሲዚየም 137 ስለሚባለው ነገር ጥቂት ልበል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተካሄዱት የኒውክሌር ሙከራዎች ይህን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በመላው ዓለም በተኑት። መሬት ላይ ሲያርፍ ከደቃቅ አፈር ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ማሳ ካልተነካ ጎረቤቱ ያነሰ ሲዚየም ካለው አፈሩ ሄዷል ማለት ነው፤ ከበለጠው ደግሞ የሌላው አፈር እሱ ዘንድ መጥቷል። ብልህ ዘዴ ነው። የሚሰጠው ግን የአሥርት ዓመታት አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ስለ ክፉው ቀን አያወራም። ከአንድ ተዳፋት በብዙ ዓመት ውስጥ ከሚታጠበው አፈር አብዛኛው የሚሄደው በጥቂት ከባድ ዝናቦች ነው።

ስለ ክፉ ቀን ካነሳን በሐምሌ 1342 በመካከለኛው አውሮፓ የሆነውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ለቀናት ያላቋረጠ ዝናብ ወረደ። ማይንን ጨምሮ ትልልቅ ወንዞች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ታይቶ በማይታወቅ መጠን ሞሉ። ድልድዮች ተጠራርገው ሄዱ። ጎርፉ የተከሰተው በቅድስት ማርያም መግደላዊት በዓል ሰሞን ስለነበር እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል።

የታሪክ መዛግብት ስለ ውሃው ብዙ ይላሉ። ስለ አፈሩ የተናገረው ግን መሬቱ ራሱ ነው። ሃንስ ሩዶልፍ ቦርክ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በብዙ ቦታ ጉድጓድ እየቆፈሩ የሸለቆዎችን ደለል ንብርብር በንብርብር አነበቡ። ዛሬ ጥቅጥቅ ያለ ደን ባለበት ቦታ በደኑ ውስጥ የተደበቁ ጥልቅ ቦረቦሮች አገኙ። ቦረቦር ደን ውስጥ በቀላሉ አይፈጠርም። ስለዚህ እነዚያ ቦታዎች አንድ ጊዜ እርሻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ባለፉት 1500 ዓመታት ከጀርመን ተዳፋቶች ከታጠበው አፈር እጅግ ትልቁ ድርሻ የሄደው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ውስጥ ነው። የዚያም ዋናው ክፍል የ1342ቱ ዝናብ ነው።

ለምን ያን ጊዜ? ዝናቡ ከባድ ስለነበር ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ጥቂት መቶ ዓመታት የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ደኑ እየተመነጠረ ታረሰ። በመጨረሻ የደኑ ድርሻ ወደ 15 በመቶ ገደማ ወርዶ እንደነበር ይገመታል። ቁልቁለቱም፣ ቀጭን አፈር ያለውም መሬት ታርሷል። እስከዚያች ሳምንት ድረስ ግን ኑሮ ይቀጥል ነበር። ገበሬው ይዘራል፣ ያጭዳል። ከዓመት ዓመት የሚሄደው ትንሽ ትንሽ ነው። መረጋጋቱ ካለቀ ብዙ ቆይቶ ነበር፤ ማለቁ የታወቀው ግን ዝናቡ ሲመጣ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ያሳዝናል። ከ1347 ጀምሮ ታላቁ ወረርሽኝ አውሮፓን አጠቃ። መንደሮች ባዶ ሆኑ። ማሳዎች ተተዉ። ደኑ ተመልሶ በቀለ፣ የአፈር መታጠቡም ጋብ አለ። ደለሉ በሸለቆዎቹ ውስጥ ይህን ለውጥ በግልጽ ይዞታል። የዚያ መረጋጋት ዋጋ የሰው ሕይወት ነበር። ይህን የምለው ሰው ሲጠፋ መሬት ይድናል የሚል ነገር ለማምጣት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን የሚያሳይ ሌላ ቦታ አለ።

በሜዲትራኒያን ዳርቻ በጣሊያን ቺንኰ ቴሬ የሚባሉ የባሕር ዳር ተራሮች አሉ። በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። ቀጥ ያለው ተራራ ከላይ እስከ ታች በደረቅ ድንጋይ እርከን ተሠርቷል። እዚያ መረጋጋቱን የፈጠረው ሰው ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደረ፣ የፈረሰውን በየዓመቱ እየጠገነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙው ሰው እርሻውን ትቶ ሄደ። ጥቅምት 25 ቀን 2011 በሰዓታት ውስጥ የወረደ ኃይለኛ ዝናብ ቬርናሳና ሞንቴሮሶ የተባሉትን መንደሮች በጭቃ ቀበራቸው። በኋላ የት የት ጋ እንደተናደ ሲጠና በጣም ተጋልጠው የተገኙት ከተተዉ ብዙ ያልቆዩ እርከኖች ነበሩ። ጠጋኙ ሄዷል፤ ደኑ ገና አልመጣም። በሁለት መረጋጋቶች መካከል ያለ ክፍተት ነው። ስለ ጊዜ ሲነሳ ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ የመሸጋገሪያ ዘመን ነው። መሬት ከአንድ አያያዝ ወደ ሌላ ስትሻገር፣ ሽግግሩ ወደ መልካም ቢሆን እንኳ፣ ለጥቂት አሥርት ዓመታት ጠባቂ የላትም።

ክፉው ዑደት ደግሞ ራሱን እያጠናከረ ይሄዳል። አፈር ሲሳሳ የሚይዘው ውሃ ያንሳል። ውሃ ሲያንስ ዕፅዋቱ ይቀጭጫል። ዕፅዋቱ ሲቀጭጭ መሬቱ ይራቆታል፤ የተራቆተው ደግሞ ይበልጥ ይታጠባል። እስከ አንድ ወሰን ድረስ መሬቱን አርፎ እንዲተኛ ቢተዉት ያገግማል። ከወሰኑ ካለፈ፣ ከሥር ያለው ዐለት ብቅ ካለ፣ ሰው ቢተወውም አይመለስም። ወሰኑን ሲያልፍ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አሜሪካኖች በ1930ዎቹ ያዩት ከዚህ የሚቀራረብ ነው። በሰፊው ሜዳ ላይ ሥሩ ጥልቅ የሆነው የተፈጥሮ ሣር ለስንዴ ተገልብጦ ታረሰ። ዝናብ እስካለ ድረስ ምርቱ ጥሩ ነበር። ድርቁ ሲመጣ አፈሩን የሚይዝ ነገር አልነበረም። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 የተነሳው የአቧራ ማዕበል ቀኑን አጨለመው። አሜሪካዊው የአፈር ተመራማሪ ሂው ሐሞንድ ቤኔት ለዓመታት ሲወተውትበት የነበረው የአፈር ጥበቃ ሕግ በዚያው ወር ጸደቀ።

ቤኔትና ባልደረቦቹ ከዚያ ቀደም ብለው በ1933 በዊስኮንሲን ግዛት ኩን ክሪክ በሚባል ተፋሰስ የመጀመሪያውን ማሳያ ጀምረው ነበር። ከ1850ዎቹ ጀምሮ ሲታረስ የቆየ፣ ሸለቆው በደለል የተሞላ ቦታ ነው። ገበሬዎቹ የተዳፋቱን ቅርጽ ተከትለው በጎን ማረስ ጀመሩ፤ እህልና ሣርን በፈረቃ በየሰቁ መዝራት ጀመሩ። ስታንሊ ትሪምብል የተባለ የጂኦግራፊ ተመራማሪ ይህን ተፋሰስ ለአሥርት ዓመታት ተከታትሎ በ1999 ውጤቱን አወጣ። ከተዳፋቶቹ የሚታጠበው አፈር በጣም ቀንሷል። ሸለቆው ውስጥ የሚከማቸው ደለል ከ1930ዎቹ ጋር የማይነጻጸር ትንሽ ሆኗል። ከተፋሰሱ ወጥቶ ሚሲሲፒ ወንዝ የሚገባው ደለል ግን ያን ያህል አልተለወጠም።

እንዴት? መልሱ ሸለቆው ነው። ጥፋቱ ከባድ በነበረበት ዘመን ከተዳፋት የወረደው አፈር አብዛኛው ወንዝ አልደረሰም፤ ሸለቆው ውስጥ ተኛ። ተዳፋቱ ሲድን ወንዙ የድሮውን ደለል ከዳርቻው እየቦረቦረ መውሰድ ጀመረ። ወንዙ መውጫ ላይ ብቻ ቆሞ የሚለካ ሰው ምንም አልተሻሻለም ብሎ ይደመድማል። ጥፋቱ በጋመበት ዘመን ቆሞ የለካው ደግሞ ጉዳቱ ትንሽ ነው ይል ነበር። ሁለቱም ልኬታቸው ልክ ነው፣ ድምዳሜያቸው ግን የተሳሳተ ነው። የጥበቃ ሥራ ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ውሃው አልጠራም ተብሎ ሲተው ስሰማ የምቆጨው ለዚህ ነው። ሥራው መታየት ያለበት በመጀመሪያ ተዳፋቱ ላይ ነው።

መመለስ እንደሚቻል ግን ማስረጃው ብዙ ነው። በቻይና የሎይስ አምባ የሚባለው 640,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ቦታ ቢጫ ወንዝን ቢጫ ያደረገው ነው። ወንዙ ቀድሞ በዓመት 1.6 ቢሊዮን ቶን ገደማ ደለል ይሸከም ነበር። እርከን፣ ደለል የሚይዙ ትንንሽ ግድቦችና ከ1999 ጀምሮ ቁልቁለት እርሻዎችን ወደ ሣርና ደን የመለሰው ታላቅ ዘመቻ ተደማምረው ዛሬ የሚሸከመው ከዚያ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በሰሜን ኢትዮጵያም በ1868 የእንግሊዝ ጦር ሲያልፍ የተነሱ ፎቶግራፎች አሉ። ቤልጂየማዊው ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ ካሜራቸውን እነዚያው ቦታዎች ላይ አቁመው መልሰው አነሷቸው። ሕዝቡ በብዙ እጥፍ ጨምሮ እያለ በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ የዛፉ ሽፋንና የእርከኑ ሥራ ከድሮው ተሽሎ ታየ። መሬቱ ከድሮም ጀምሮ ተራቁቶ ነበር፤ የተሻለው በሰው ድካም ነው። የሰው መብዛት የግድ የአፈር ማለቅ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

የቻይናው ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄም አምጥቷል። በ2016 የወጣ ጥናት አዲሱ ዕፅዋት አካባቢው ሊሰጥ የሚችለውን ውሃ ወደ መጨረስ እየተጠጋ መሆኑን አሳይቷል። ዛፍ ይጠጣል። በደረቅ አካባቢ ብዙ ዛፍ ማለት ለወንዙና ለሰው የሚተርፈው ውሃ ያነሰ ማለት ነው። አፈሩ ታሰረ፣ ውሃው ግን ጎደለ። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ከዛፍ ይልቅ የአገሩን ሣርና ቁጥቋጦ መመለስ ይሻላል የሚሉት ወገኖች ትክክል ይመስሉኛል። አፈሩን ከጠብታዋ የሚከልለው ከሁሉ በፊት ወለሉ ላይ ያለው ሽፋን ነው። እንዲያውም ሥሩ ባዶ የሆነ ረጅም ዛፍ ጠብታዎቹን በቅጠሉ አጠራቅሞ ትልልቅ አድርጎ ይለቃቸዋል።

በ2012 ብቻ ከዓለም መሬት 35.9 ቢሊዮን ቶን አፈር እንደታጠበ በ2017 የወጣ ሰፊ ጥናት ገምቷል። ቁጥሩ ከባድ ነው። እያንዳንዱ ቶን ግን የሄደው ከተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ቀን ነው። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የአንድ ተፋሰስ ዕቅድ ሲወጣ ካርታው በወር በወር ይሠራ እላለሁ። የትኛው ተዳፋት በየትኛው ሳምንት ራቁቱን እንደሚሆን፣ ኃይለኛው ዝናብስ መቼ እንደሚመጣ አንድ ላይ ይታይ። ሁለቱ የሚገናኙበት ማሳ ይለይ። መጀመሪያ የሚተከለው ሣር ከቦረቦሩ አናት በላይ፣ ውሃው መሰብሰብ በሚጀምርበት ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ይሁን። የሚተከልበትም ጊዜ ዝናቡ ከመድረሱ በፊት ሥር ለመስደድ የሚበቃ ይሁን። ያ ሁሉ ከተሠራ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልኬት ተዳፋቱ ላይ ይወሰድ፤ ወንዙ መውጫ ላይ ለውጡን ለመጠበቅ ገና አሥርት ዓመታት አሉ።